ቤት በባቡር የጫነች ሴት

እትዬ ዘሃራ መሞቷን የነገረኝ ከበርበራ ሲሚንቶ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ሐርጌሳ፣ አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ አንድ ግድግዳ እየለሰንኩ ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አወጣና፣ «ሰማህ ወይ? የጋአን ሊባህዋ ዘሃራ ዐረፈች። ትናንት ቀበርናት» አለኝ።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልኩና የልስን ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ቀብሯ ላይ ባለመቆሜ ከልቤ አዘንኩ። ጥቂት ቆይቼ ግን፣ መዋሸት አልወድምና እናገራለሁ፣ ሳቄ መጣ። ሹፌሩ ግራ ገብቶት አየኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ዐይኔ ላይ የመጣችብኝ ከፈን የለበሰችው ዘሃራ አልነበረችም። ደወሌ ባቡር ጣቢያ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ የጉምሩክ ፈታሽ ስትሞግት የነበረችው ዘሃራ ናት።

ሰው ሲሞት መልአክ ማድረግ ልማዳችን ነው። እኔ ልጆቼን እንደዚያ አላሳደግኩም፤ የሞተም ቢሆን በልኩ ይነገርለት እላለሁ። ስለዚህ ከጉድለቷ ልጀምር። እትዬ ዘሃራ የሰው ንግግር ታቋርጥ ነበር። ስትቆጣ በእጇ የያዘችውን ሁሉ፣ ትኩስ ጭልፋም ቢሆን፣ ሰው ላይ ትቀስራለች። ሩዟ ጨው ይበዛበታል። ይህን ካልኩ በኋላ ሌላውን ያለ ሐፍረት እናገራለሁ፤ በዕድሜዬ ካወቅኳቸው ሰዎች ሁሉ ልቤን እንደ እሷ ያዘለለው የለም።

በዚያን ዘመን ሐርጌሳ ጣሪያ የሌላት ከተማ ነበረች። ጦርነቱ አልፎ ሰዉ ከስደት ካምፕ እየተመለሰ ነው። ግድግዳው ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተነቅሎ ተወስዷል። የበር ክፈፍ አለ፣ በሩ የለም። ጠዋት ጠዋት ከየአቅጣጫው የመዶሻ ድምፅ ሲነሳ ከተማዋ በሙሉ አንድ ትልቅ የአናጺ ግቢ ትመስል ነበር። እኔም ግንበኛ ነኝና ሥራ አለ ሲባል ከድሬዳዋ ተነስቼ በቶጎ ውጫሌ በኩል መጣሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት ስኳር ከሚጠቀለልበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። እንዲህ የተማረ ሰው ያወቃትን ሁሉ ለሌላው ካላካፈለ እንቅልፍ አይወስደውም። ምሳ ላይ ስለ ቀጠሮ ማክበር፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ውሸት ክፋት እናገር ነበር። እትዬ ዘሃራ በዚህ ምክንያት «ቃዲ» የሚል ስም አወጣችልኝ።

ምግብ ቤቷ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሸራ የተወጠረበት አንድ ክፍል ነበር። ደንበኞቿ እኛ የኢትዮጵያ ግንበኞችና ሹፌሮች ነን።

«እትዬ ዘሃራ፣ ዛሬም ጨው አብዝተዋል» አልኳት በመጀመሪያው ሳምንት።

«አንቱ አትበለኝ! ገና ባል አገባለሁ።»

«እሺ፣ ጨው አብዝተሻል።»

«ላብህ ነው የገባበት። ብላ ቃዲ፣ ፍርዱን ከበላህ በኋላ ትሰጣለህ።»

ሥራ ፈትቶ ያየችውን ሰው፣ «የተቀመጠ ሰው ላይ አቧራ ይቆማል» ትለው ነበር። መኪና ስትሳፈር ደግሞ መጀመሪያ ጎኑን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ ታደርገዋለች፣ ልክ እንደ በቅሎ። ይህን ያመጣችው ከባሏ ነው አሉ። ባሏ የሐርጌሳ ሰው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ድሬዳዋ አይቷት፣ እዚያው አግብቷት ይዟት መጣ። ጦርነቱ ሲነሳ እሱ ሞተ። በሽሽቱ ግርግር እሷ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ካምፕ ስትሄድ፣ ትንሿ ልጇ ሂቦ ከአባቷ እህት ከከዲጃ ጋር በሌላ መኪና ተጭና ወደ ጅቡቲ ምድር፣ አሊ ሳቢህ ወደምትባል የባቡር መንገድ ከተማ ገባች።

ሰላም ሲሆን እትዬ ዘሃራ ሄዳ ልጇን አገኘቻት። ልጅቷ ግን አድጋ ነበር። ከዲጃን «ሆዮ» ትላታለች፤ በሶማሊኛ እማዬ ማለት ነው። እናቷን «ዘሃራ» ብላ በስሟ ጠራቻት። እትዬ ዘሃራ ይህንን የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሽንኩርት እየላጠች ነው።

«ልክ ናት» አለችኝ። «ያሳደገቻት እሷ ናት። እናት ተብሎ ለመጠራት ደግሞ አንድ ነገር መሥራት ያስፈልጋል። እኔ ምን ሠራሁላት?»

ምክር ልሰጣት አፌን ስከፍት፣ «ዝም በል፣ ቢላውን አቀብለኝ» አለችኝ።

የምትሠራው ነገር የተገኘው ሂቦ ስትታጭ ነው። በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ የሙሽራዪቱን ቤት የምትሠራው እናቷ ናት። ቤቱን አቃል ይሉታል። ተቀልብሰው የደረቁ የዛፍ ሥሮች እንደ ቀስት መሬት ላይ ይተከላሉ፣ በላያቸው ሰሌን ይለብሳል፤ መሄድ ሲፈለግ ተነቅሎ ግመል ላይ ይጫናል። የሂቦ እጮኛ ባለ ግመል ቤተሰብ ነው። ከዲጃ በሹፌር አፍ መልእክት ላከች። «ሀበሻዋ ይህን ሥራ አታውቅም፣ አልፈርድባትም። ከቻለች ታምጣ። ካልቻለች እኔ አቆማለሁ።»

እትዬ ዘሃራ በእርግጥ አታውቅም ነበር። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ በግድግዳና በቆርቆሮ ቤት ያደገች። ምሳ አብልታ እንደ ጨረሰች በየቀኑ ዳሚ ሰፈር ወደምትኖር አንዲት አሮጊት ሰሌን መሥራት ልትማር መሄድ ጀመረች። የዳሚን ሰዎች በእጅ ሥራቸው የሚንቁ ጎረቤቶች ነበሩና «ምነው እዚያ?» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡባት። እዚህ ላይ ልናገር። እኛም አገር ቤት ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን እየናቅን በማረሻው አርሰን በድስቷ በልተናል። ይህ ነውር ነው፣ ልጆቼም ሲያደርጉት ብሰማ አልታገሥም። እትዬ ዘሃራ ግን እንደ እኔ አልሰበከችም፤ ሄዳ አሮጊቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ስትሳሳት አሮጊቷ ጣቷን በወስፌ ትወጋት ነበር። ቀምሳ የማታውቀውን ስድብ በሶማሊኛ ጠገበች። እኛ ደግሞ ሩዙን ከተሰነጣጠቁ እጆች ተቀብለን መብላት ለመድን።

ሰሌኑ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሁለተኛው መልእክት መጣ። ኒካሁ፣ የጋብቻው ውል፣ ተፋጥኗል፣ የፊታችን ሐሙስ ነው። ቤቱ ከዐስር፣ ከቀትር በኋላው ሶላት፣ በፊት መቆም አለበት።

«ቃዲ፣ ትሸኘኛለህ» አለችኝ።

«ግድግዳ ጀምሬያለሁ።»

«ግድግዳ የትም አይሄድም። ወንድ ያስፈልገኛል። ለመንገዱ ነው፤ ደስ አይበልህ።»

«ለምን በዘይላ በኩል በመኪና አትሄጂም?»

«በዚያ በረሃ ሰው በሰው ላይ ነው የሚጫነው። ሰሌኔን ተቀምጠውበት ይጨርሱታል። ባቡር ፉርጎ አለው። ደግሞ እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ለልጄ ሠርግ በባቡር ካልገባሁ ምኑን ድሬ ሆንኩ?»

እንዲህ ሆኖ ከሐርጌሳ በውጫሌ፣ ከዚያ በጅጅጋ፣ ተራራውን ወርደን ድሬዳዋ ገባን። እኔ ድሬዳዋ ስኖር ባቡር ሲያልፍ እያየሁ እንጂ ተሳፍሬ አላውቅም ነበር። ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው ስንደርስ ልቤ እንደ ልጅ ይመታ ጀመር። ኮስተር ልበል ብል ፊቴ እምቢ አለኝ።

ዕቃ ጫኙ የጎባጣ እንጨቶቹን እሥርና የሰሌኑን ጥቅል ዞሮ ዞሮ አየው። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ቤት ነው» አለች።

«የምን ቤት?»

«የልጄ።»

«እናቴ፣ ቤት አይጫንም። ቤት ይቀመጣል።»

«የአንተ ይቀመጥ፤ የእኔ ይሄዳል!» አለችና የባቡሩን ጎን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አድርጋ ወጣች።

የዕቃው ፉርጎ ሞልቶ ስለነበር ቤቱን ከተሳፋሪ ጋር አስገባነው። እንጨቶቹ በመተላለፊያው ተጋደሙ። የተጠቀለሉት ሰሌኖች ወንበር ላይ ቆሙ፤ ከሩቅ ሲታዩ ጥቅልል ያሉ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ሽንኩርትና ዶሮ ጅቡቲ ወስደው የሚሸጡ ነጋዴ ሴቶች ሲገቡ አንዷ ሰሌኑን በክርኗ ገፋ አድርጋ፣ «አባባ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ» አለችው። ፉርጎው በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ ጓደኛ ሆንን። አማርኛው፣ ሶማሊኛው፣ ኦሮምኛው አንድ ላይ ይንጫጫል፤ ዶሮው ይጮሃል። ባቡሩ ጡሩምባውን ነፍቶ ከተማዋን ለቆ ወደ ሺኒሌ ሜዳ ሲወጣ ትኩስ ነፋስ በመስኮት ገብቶ ቆቤን ወሰደው። አልተናደድኩም! በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ግዴለሽነት ራሴን እገሥጽ ነበር። ግመሎች አንገታቸውን አዙረው ያዩናል፤ እኔ ያለ ቆብ በመስኮት ወጥቼ እስቃለሁ። እትዬ ዘሃራ ለሴቶቹ ሁሉ ታሪኩን ነገረቻቸው፤ ደወሌ ስንደርስ ፉርጎው በሙሉ ሚዜ ሆኖ ነበር።

ደወሌ የኢትዮጵያ መጨረሻ ጣቢያ ናት። ፈታሾች ገቡ። አንዱ ወጣት ፈታሽ፣ ሥራውን አክባሪ ሰው፣ ከሰሌኖቹ ፊት ቆመ።

«ይህ ይፈታ። በጥቅል ውስጥ ብዙ ነገር ይገባል።»

«የሙሽራ ቤት ነው፣ ወንድሜ» አለችው።

ወደ እኔ ዞረ። ጺሜን አይቶ ይመስለኛል፣ በአክብሮት ጠየቀኝ። «አባት፣ ውስጡ ምንም እንደሌለ ይመሰክራሉ?»

ሁሉም ሰው አየኝ። «የለም» ብል ያልቅ ነበር። ሆኖም ሲጠቀለል አልነበርኩም።

«አላውቅም» አልኩ። «ስትጠቀልለው አላየሁም።»

ነጋዴ ሴቶቹ፣ «ውይ! ምን ዓይነት ሰውዬ ነው?» ብለው ጮሁ። አንዷ፣ «እንዲህ ያለ ሸኚ ከሚኖር ጅብ ይሸኝ» አለች። እትዬ ዘሃራ አልተቆጣችኝም። «ተዉት» አለች። «የማይዋሽ ብዬ ነው የመረጥኩት፤ ዛሬ ብቻ ዋሽ ልበለው እንዴ?» ከዚያ ወደ ፈታሹ ዞረች። «ይፈታ ካልክ ይፈታል። ግን የሙሽራ ቤት ከተፈታ ሳይቆም አይታሰርም። ሴቶች፣ ውረዱ!»

ወረዱ! በዚያ ጠራራ ፀሐይ ጣቢያው ሜዳ ላይ እንጨት ይተከል ጀመር። ሶማሌዎቹ ነጋዴዎች ሥራውን ከእናታቸው የተማሩ ናቸው፤ በእልልታና በጭብጨባ እያንዳንዱን ቀስት አቆሙ። እኔ ዕድሜ ልኬን ቤት ስሠራ ኖሬ ቤት እንዲህ ሲነሳ አላየሁም። ሰሌኑ እየተዘረጋ ሲለብስ የተሠራበት ቀይና ጥቁር ጥለት ወጣ፣ ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ ከበበ። የባቡሩ ሹፌር ሳይቀር አንገቱን አውጥቶ ያያል። ሰሌኑ ሁሉ ተፈትቷል፣ የተደበቀ ነገር የለም። ፈታሹ ግን ሥራው ነውና ውስጡን ላይ ብሎ ወደ በሩ ራመድ አለ።

እትዬ ዘሃራ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች።

«ወንድ ከሙሽራዋ በፊት አይገባም።»

«የመንግሥት ሥራ ነው፣ እናቴ።»

«ግባ። ግን ከገባህ ሙሽራው አንተ ነህ። ግመሉን አዘጋጅ፣ ዛሬ ዐስር ላይ ኒካህ ይታሰራል!»

ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው። ፈታሹ ፊቱ ቀልቶ ወደ ኋላ አለ። እውነት ለመናገር እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩን እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። በኋላ የጠየቅኳቸው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ አዎ አሉኝ፣ አንዳንዶቹ ሳቁብኝ። ፈታሹ ብልህ ሰው ነበር፤ ጣቢያው ላይ ሻይ የምትሸጥ አንዲት አሮጊት ጠርቶ፣ «አንቺ ግቢና እይልኝ» አላት። አሮጊቷ ገባች፤ ቆየች። ከውስጥ ድምፅዋ መጣ።

«ምንም የለም። ጥላ ብቻ ነው። ትንሽ ልቀመጥበት?»

በዚያች ቅጽበት የጣቢያው ፊሽካ ተነፋ። ባቡሩ ዘግይቷል፣ ከዚህ በላይ አይጠብቅም። ቤቱን ማፍረስ ከማቆም ይልቅ ይፈጥናል ብዬ አስብ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ሴቶቹ ሰሌኑን እየገፈፉ በመስኮት ይወረውራሉ፣ ውስጥ ያሉት ይጎትታሉ። እኔና ሁለት ሰዎች እንጨቱን ነቅለን አሰርን። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። እሥሩ ረጅምና ጎባጣ ነው፣ በበሩ አልገባ አለ። ሩጫ! እኔ ከፊት፣ ከኋላ ማን እንደያዘልኝ ዞር ብዬ ሳይ ያ ፈታሽ ራሱ ነው፤ ቆቡን በጥርሱ ነክሶ ይሮጣል። «ግፋ! ግፋ!» ይለኛል። ገመዱ ተበጠሰ። እንጨቶቹ እንደ ክብሪት መሬት ላይ ተበተኑ። የነጋዴ እጆች ክንዴን ይዘው ባዶ እጄን ወደ ውስጥ ጎተቱኝ።

እትዬ ዘሃራ በሩ ላይ ቆማ እንጨቶቿ ሲርቁ አየች። ከዚያ ሰሌኗ መካከል ተቀመጠች።

«አሊ ሳቢህ እንጨት አይጠፋም» አለቻት አንዷ ነጋዴ።

«ሥር ነው» አለች እትዬ ዘሃራ። «ቆፍሮ፣ ቀልብሶ፣ አድርቆ፤ ወራት ነው። እኔ ያለኝ እስከ ዐስር ነው።»



አሊ ሳቢህ ስንወርድ የዐስር አዛን ይሰማ ነበር። ነጋዴዎቹ መንገዳቸው ወደ ጅቡቲ ነውና በመስኮት ሰሌኑን አቀበሉን፤ ባቡሩ ዞሮ እስኪጠፋ እልልታቸው አልተቋረጠም። ከከተማው ወጣ ብሎ የሠርጉ ግቢ ደረስን። እውነትም ከዲጃ ቀድማለች። ጎባጣዎቹ እንጨቶቿ ተተክለው ቆመዋል፤ ጎናቸው የተቆለለው ሰሌን ግን ያረጀ፣ በጆንያ የተጣፈ ነው። ከዲጃ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት።

«ዘገየሽ» አለቻት።

«ባቡሩ ነው።»

«እንጨትሽስ?»

«ደወሌ ቀረ።»

ከዲጃ ጎንበስ ብላ የአንዱን ሰሌን ጠርዝ ያዘች። በአውራ ጣቷ አሸችው፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሀበሻዋ?»

«ሀበሻዋ!»

«እዚህ ጋ ስተሻል።»

«አውቃለሁ። ልፈታው ስል መልእክትሽ መጣ።»

ከዲጃ የራሷን የተጣፈ ሰሌን አየች፣ የቆሙትን እንጨቶቿን አየች።

«ታዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?» አለች። «እንጨቴ ራቁቱን ነው። ያዢ!»

ሰሌን እንጨቱ ላይ የሚሰፋው በሁለት ሰው ነው፤ አንዷ ከውስጥ ገመዱን ትልካለች፣ አንዷ ከውጭ ተቀብላ ስባ ትመልሳለች። ከዲጃ ውስጥ ገባች፣ እትዬ ዘሃራ ውጭ ቀረች። ሁለቱም ሲሠሩ ይሰዳደባሉ፤ «ሳቢ!»፣ «ላልቷል!»፣ «ዐይን የለሽም?» ሰዉ ከሶላት እየተመለሰ መጣ። ሂቦ ሂናዋ ገና ያልደረቀ እጆቿን ወደ ላይ ይዛ ከጓደኞቿ መካከል ሾልካ ወጣች። መርዳት አትችልም፤ ቆማ ታያለች። ነፋስ አልነበረም። እኔ ከወንዶቹ ጋር ፍየሎቹ አጥር አጠገብ ነበርኩ።

«ሆዮ!» አለች ሂቦ። «ሆዮ፣ ገመዱ እያመለጠሽ ነው!»

ከዲጃ ውስጥ ናት፤ አትታይም። ገመዱ ያለው እትዬ ዘሃራ እጅ ነው። እትዬ ዘሃራ አልዞረችም። ገመዱን እንደ ያዘች ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን አልሽ?» አለች። «ነፋሱ ነው፣ አልሰማሁም።»

እኔ ከአጥሩ ዘንድ ሰምቻለሁ። ፍየሎቹም ሰምተዋል። ሂቦ ትንሽ አመነታችና ከፍ አድርጋ ደገመችው። እትዬ ዘሃራ አሁንም አልተንቀሳቀሰችም።

ከቤቱ ውስጥ የከዲጃ ድምፅ መጣ። «ሆዮ ብላሻለች! ሁለት ጊዜ ብላሻለች! አሁን ገመዱን ሳቢው፣ ቤቱ ሊወድቅብኝ ነው!»

እትዬ ዘሃራ ሳበችው።